ጣና ላይ ስሙን ጽፎ ያለፈው ሠዓሊ

ፔዳ የምትማሩ ልጆች፣ ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ሴልፊ ስትነሱ ከጀርባችሁ ካለው ውኃ መሃል ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ከ550 ዓመት በላይ የቆየ፣ እንጨት ላይ የተሣለ የእመቤታችን ምስለ ፍቁር ወልዳ አለ። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ይባላል።

ስሙን እንዴት አወቅነው? ራሱ ጽፎት ነዋ! በዛ ዘመን የኛ ሠዓሊዎች ሥራቸው ላይ ስማቸውን ማስፈር ብዙም አልለመዱም። እሱ ግን የንጉሡን የዘርዐ ያዕቆብን፣ የአበምኔቱን የይስሐቅን፣ ከዛ የራሱን ስም በግእዝ ጻፈ። ከስሙ አጠገብ "ኃጢአተኛ" የምትል ቃል ጨምሯል። እኔን በጣም የያዘችኝ ይቺ ቃል ናት፤ መታወቅም ፈልጓል፣ መታበይም ፈርቷል።

ዘርዐ ያዕቆብ በፈረንጆቹ ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። የእመቤታችንን በዓላት ያበዛ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረገ ንጉሥ ነው። በዓሏ ሲበዛ ሥዕሏም ተፈላጊ ሆነ። ልክ በዚያው ዘመን ፍሎረንስ ውስጥ ፍራ አንጀሊኮ የሚባል መነኩሴ (በ1455 ነው የሞተው) እሱም እንጨት ላይ ቅዱሳንን ይሥል ነበር። እሱን ዓለም ያውቀዋል፤ የኛን ግን እኛም በቅጡ አናውቀውም። ፍሬ ጽዮን ከውጭ ከመጡ ሥዕሎች ሐሳብ ወስዷል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ቢወስድስ? ሰፊዎቹ ዓይኖች፣ ረዣዥሞቹ ጣቶች፣ የልብሱ መስመር የራሱ ናቸው።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ገበታው ይጠረባል፣ በሙጫ የተለወሰ ነጭ ጄሶ ይቀባል፣ ሲደርቅ ቀለም ይገባል። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጄሶው አብሮት አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ሐይቅ መሃል ላለ ሥዕል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ዳጋ የምትሄዱ ወንዶች፣ አባቶች ገልጠው ካሳዩዋችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

"ወንዶች" ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ዳጋ ሴት አይገባም። እህቶች፣ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ 6 ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎራ በሉ። የፍሬ ጽዮን እጅ ናቸው የሚባሉ ሥዕሎች እዚያም አሉ።