ቤቱን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት… ቡፌውን ግፉት!

ቤተሰብ ቤት ሊሸጥ ሲነሣ ሥራው ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው በእናንተ በወጣቶቹ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ደህና ካሜራ ያለው ስልክ የያዛችሁት እናንተ ናችሁዋ! ድሮ ደላላው ገዢውን በእግር እየነዳ ቤት ለቤት ያዞረው ነበር። ዛሬ ገዢው አልጋው ላይ ተጋድሞ ቴሌግራሙን በአውራ ጣቱ ነው የሚዞረው። ፎቶው ካልጣመው ደጃችሁን ሳይረግጥ ያልፋችኋል።

እኔ ሠርግና ልደት እያነሣሁ የኖርኩ ፎቶግራፈር ነኝ። አሁን አሁን ግን ከሙሽራ ይልቅ የሚሸጥ ቤት ይበዛልኛል፤ በተለይ እዚህ ዓባይ ማዶ። ካየሁት ተነሥቼ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ የእናንተ የሆነውን ዞር አድርጉ፤ የቤቱ የሆነውን ግን አትደብቁ።

የእናንተ የሆነው ምንድነው? ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ፣ ኮሪደር ላይ የተደረደረው ጫማ፣ ቢጫው ጀሪካን፣ ሻወር ቤት ያለው ባልዲና ብሩሽ፣ ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለው አጎበር፣ ቁምሳጥን አናት ላይ የተጫነው ሻንጣ… ይህን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቃችሁ ሌላውን አንሡ፤ ከዚያ ደግሞ ወዲያ አዛውሩት። የቤተሰብ ፎቶ፣ የምረቃ ምስክር ወረቀት፣ የመኪና ታርጋና የቤቱ ካርታም አይታዩ። ሌባም ቴሌግራም ይከፍታል! የስልካችሁ ካሜራ ቦታ የሚመዘግብ ከሆነ እሱንም አጥፉት።

ቀጥሎ ብርሃን። መጋረጃውን ክፈቱ፣ መስኮቱን ወልውሉ፣ የስልኩንም ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ፍላሽ ይቅርባችሁ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ቤት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ያምርበታል፤ ወደ ምዕራብ የሆነው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የጣሪያው ክፈፍ ጥላውን በረንዳው ላይ ይጥልና ቤቱ ያኮረፈ ይመስላል። በር ላይ ወይም ጥግ ላይ ቆማችሁ፣ ስልኩን በደረት ቁመት፣ አግድም፣ ሳታዘነብሉ ያዙ። ሰፊዋን ሌንስ ግን ተጠንቀቋት! ሦስት በአራት የሆነ መኝታ ቤት አዳራሽ ታደርገዋለች፤ ገዢው መጥቶ አልጋው አልገባ ሲለው የሚያፍረው ማነው?

አንድ ቤት ልንገራችሁ። ባለቤቶቹ አንዲት እህትና ሁለት ወንድሞች ናቸው፤ እናታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል። ቤቱን ሸጠው ለሦስት ሊካፈሉ፣ ትንሹም በድርሻው ባጃጅ ሊገዛ ተስማምተዋል። ፎቶውን ያነሣው ራሱ ትንሹ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ከወለሉ ወደ ላይ የወጣ የእርጥበት ጥቁረት ስለነበር፣ ቡፌውን ጎትቶ ከፊቱ ገተረው። ውጭ አገር ያለ አንድ ገዢ ፎቶውን ወደደ፤ በዋጋም ተግባቡ። ቤቱን እንድታይ እህቱን ላካት። ሴትየዋ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀችም፤ ቡፌውን ገፋ አድርጋ አየች።

“ይሄን የደበቃችሁ ሌላስ ስንት ደብቃችኋል?” ብላ ወጣች።

ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ካርታው የነገሯት እውነት ሁሉ እዚያው ውሸት ሆኖ ቀረ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ?

እኔ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቡፌው ወጣ፤ ጥቁረቱ ፎቶ ውስጥ ገባ፤ የዋጋው ቅናሽም አብሮ ተጻፈ። እህትየው የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው ስታወርድ ግን እጇ ያዘባት። ከፎቶው ጀርባ ያለው ቀለም ከሌላው ደምቆ፣ በአራት ማዕዘን ቀርቶ ነበር።

“እዚህስ ቀለም ላስቀባ?” አለችኝ።

“ተይው እህቴ፣ ሰው የኖረበት መሆኑ ይታወቅ” አልኳት።

ቤቱ መጀመሪያ ካሰቡት ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። ይሁን እንጂ ገዢው መጥቶ ያገኘው ፎቶው ላይ ያየውን ስለነበር፣ በእርጥበቱ ሰበብ የሚያነሣው ክርክር አልነበረውም። ትንሹም ባጃጁን ገዛ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ዓባይ ማዶ ቤት የሚሸጥ ሰው ከማስታወቂያው ጋር በግንቦት 2016 የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን ድልድይ መለጠፍ ይወዳል። ድልድዩ ውብ ነው፤ ግን የእናንተ አይደለም! ከግቢያችሁ የማይታይ ከሆነ ተዉት። “ከድልድዩ 5 ደቂቃ” ስትሉም በእግር ነው በባጃጅ? ንገሩት እንጂ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የምትሸጡት ቤቱን ነው። ስለዚህ ግቢውን ብቻ እያሰፋችሁ አታሳዩ። ሮቶውን፣ ቆጣሪውን፣ ማድ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱንም አሳዩ፤ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ፎቶውን ከመላካችሁ በፊት ቤቱን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አሳዩትና ቤት አስገቡት። “እንዴ፣ ይሄ ነው እንዴ!” ካለ እንደገና አንሡ። “አዎ፣ ይሄው ነው” ካለ ላኩት። ነገ ገዢያችሁን ወዳጆቹ “ቤት ለእምቦሳ” ሲሉት፣ ሳይከፋው “እምቦሳ እሰሩ” ይበላቸው።

መልካም ሽያጭ!