አልድን ያለ የሲኑሲም ሕመም



አንድ ወጣት አፍንጫው ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። አንቲባዮቲክ ሦስት ጊዜ ወሰደ፤ ለጊዜው ቀለል ይለውና ተመልሶ ይብስበታል። እናቱ «ብርድ ነው፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጠን» ይሉታል። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በሥራዬ ያጋጥሙኛልና ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገር።

በግንባራችን፣ በጉንጫችንና በዓይኖቻችን መካከል ሲኑሲም የሚባሉ ባዶ ክፍሎች አሉ። የሻጋታ ብናኝ በአየር ውስጥ ስላለ ሁላችንም እንተነፍሰዋለን፤ ብዙዎቻችንን አይጎዳንም። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ግን ሻጋታውን ሲያገኝ ይቆጣል፤ ይህ አለርጂ ነው። ሲኑሲሙ ያብጣል፣ እንደ ሙጫ የወፈረ ጠቆር ያለ ንፍጥ ይሞላዋል፣ ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ ሥጋም ይበቅላል። ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ስለሆነ ሻጋታን አያጠፋም።

ምርመራው እንዴት ነው? ሕመሙ ሦስት ወር ካለፈው ወደ አፍንጫ፣ ጆሮና ጉሮሮ ሐኪም ሂዱ። ሐኪሙ በቀጭን መሣሪያ አፍንጫ ውስጥ ያያል፣ ሲቲ ያዛል፣ የአለርጂ ምርመራም ይደረጋል። ንፍጡም በላቦራቶሪ ይታያል።

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በኦፕራሲዮን ይጀምራል። በአፍንጫ ቀዳዳ ገብተው ያጸዱታል፤ ፊት አይቀደድም። ለሆስፒታሉ ቶፌስ 17 ቀደም ብላችሁ ከቁፓት ሆሊም አውጡ። ከዚያ በኋላ የኮርቲዞን መድኃኒት ይሰጣል፤ አፍንጫም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተዘጋጀ የጨው ውኃ ይታጠባል። በሽታው የመመለስ ጠባይ ስላለው «ተሻለኝ» ብሎ ክትትል ማቋረጥ አይገባም። የኮርቲዞን ክኒንም ሐኪም ሳያዝ በድንገት አይቆምም።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ ልብ በሉ። ስትሮንጊሎይድስ የተባለ የአንጀት ትል ምንም ሳያሳምም በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። የኮርቲዞን ክኒን የሰውነትን መከላከያ ሲያደክም ግን ትሉ ተባዝቶ ሕይወትን ያሰጋል። ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ከመጀመራችሁ በፊት «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፤ ለትልና ለሳንባ ነቀርሳ መርምሩኝ» በሉ። ስኳር ካለባችሁም ተናገሩ። ይህ አያሳፍርም።

ዓይን ወደ ውጭ ከገፋ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ማየት ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሚዩን ሂዱ።

ጤና ሁኑ!