አካዳሚ ወይስ ክለብ?



ከሥራ ወጥተን ከኦሎምፒያ እስከ መስቀል አደባባይ በእግር ስንሄድ ከባልደረቦቼ ጋር የምንከራከርበትን ጉዳይ ለአንባብያን ባቀርብ ይፈቀድልኝ።

እነርሱ «ተጫዋች የሚወጣው ከአካዳሚ ነው» ይላሉ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀረው ቡድናችን ግን አካዳሚ አያውቅም ነበር፤ እነመንግሥቱ ወርቁ የበሰሉት በክለብ ግጥሚያ ነው።

አካዳሚ ልጁን አሳድሮ፣ አብልቶ የኳስ አያያዝ ያስተምረዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ተመልካች እየጮኸበት መወሰንን ግን የሚማረው ከውድድር ብቻ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ከማሠልጠኛ ተመርቆ ቢመጣ፣ የጠየቃቸው ክለቦች «ልምድ የለህም» ብለው መለሱት። ከየት ያምጣው?

የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከዋናው ግጥሚያ በፊት ወጣቶቻቸውን ቢያጋጥሙ፣ የአካዳሚ ተመራቂዎችም በዚያው ቢሰለፉ ምን ይጎዳል? ሜዳው እንደሆነ ለዕለቱ ተሰናድቷል፤ ተመልካቹም ቀድሞ ይገባል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከኦሎምፒያ