ከሻጋታ ውስጥ የተገኘ የልብ መድኃኒት

ሻጋታ በእኛ ዘንድ የብልሽት ምልክት ነው። የሻገተ እንጀራ ከመሶብ ወጥቶ ይጣላል፤ የሻገተ እህልም ከደህናው ተለይቶ ይደፋል። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ከሚጸየፈው ከዚህ ነገር ውስጥ የሰውን ልጅ ፈውስ ሲፈልጉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ፣ ፈልገውም ያገኙ አንድ ሊቅ ነበሩ። እርሳቸውም ጃፓናዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ዶክተር አኪራ ኤንዶ ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመምን ለመከላከል የሚወስዷቸው፣ «ስታቲን» በሚል የወል ስም የሚታወቁት መድኃኒቶች መነሻቸው የእኚህ ሰው ግኝት ነው።

ግኝቱ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። በአይጥ ተፈትኖ ከንቱ ነው ተባለ፤ ጉበትን ይጎዳል ተብሎ ተጠረጠረ፤ በመጨረሻም ያስጀመረው ኩባንያ ራሱ ተወው። የዶክተር ኤንዶ የምርምር ሕይወት ታሪክ እንግዲህ የአንድ መድኃኒት ታሪክ ብቻ ሳይሆን ተስፋ ያለመቁረጥ ታሪክ ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአኪታ ገጠር እስከ ቶኪዮ

አኪራ ኤንዶ በ1933 ዓ.ም. በሰሜን ጃፓን በአኪታ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የመጀመሪያ መምህራቸው ለሕክምናና ለሳይንስ ልዩ ፍቅር የነበራቸው አያታቸው ነበሩ። በዚያ አገር ጫካ ውስጥ ልዩ ልዩ እንጉዳዮች ይበቅላሉ። ከነዚህም መካከል ዝንብን የሚገድል፣ ሰውን ግን የማይጎዳ አንድ ዓይነት እንጉዳይ ነበረ። ይህ ነገር የልጁን አእምሮ ማረከው። ያው አንድ እንጉዳይ ለአንዱ ፍጡር መርዝ፣ ለሌላው ምግብ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ አልተለያቸውም።

በሴንዳይ ከተማ በሚገኘው በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት በሚከታተሉበት ጊዜ የእስኮትላንዳዊውን ሐኪም የአሌክሳንደር ፍሌሚንግን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን ያገኙት ከሻጋታ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ወጣቱ ኤንዶም የእርሳቸውን ፈለግ ለመከተል ቆረጡ።

በ1957 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ቶኪዮ በሚገኘው ሳንክዮ በተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው የፍራፍሬ ጭማቂን የሚያጠራ ኤንዛይም መፈለግ ነበር። ከ200 በላይ የሆኑ ሻጋታዎችን ከመረመሩ በኋላ በወይን ተክል ላይ ከሚኖር ሻጋታ የተፈለገውን ኤንዛይም አገኙ፤ ለገበያም ዋለ። በዚህ ሥራ የቀሰሙት የትዕግሥት ልምድ ከገንዘቡ ይልቅ ኋላ ጠቅሟቸዋል።

የኒውዮርክ አምቡላንሶች

ከ1966 እስከ 1968 ዓ.ም. ዶክተር ኤንዶ ኒውዮርክ ውስጥ በአልበርት አይንሽታይን የሕክምና ኮሌጅ በምርምር ሥራ ላይ ቆዩ። መኖሪያቸው ብሮንክስ በተባለው ሰፈር ነበር። በዚያም የሕዝቡ ምግብ ስብ የበዛበት መሆኑን፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች መብዛታቸውን ተመለከቱ። በድንገተኛ የልብ ሕመም የወደቁትን አረጋውያን ወደ ሆስፒታል የሚያጓጉዙ አምቡላንሶች በሰፈሩ ሲመላለሱ ማየትም የተለመደ ነበር። እነዚህ አምቡላንሶች ለሳይንቲስቱ ጥሪ ሆኑባቸው።

እዚህ ላይ ስለ ኮሌስትሮል ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ኮሌስትሮል ሰም መሰል ቅባት ነው። በራሱ ጠላት አይደለም፤ የሰውነት ሕዋሳት ግድግዳ፣ ሐሞትና አንዳንድ ሆርሞኖችም ያለ እርሱ አይሠሩም። ከምግብ ከሚገባው ይልቅ የሚበዛውን ሰውነት ራሱ ያመርተዋል፤ በዚህም ሥራ ጉበት ትልቅ ድርሻ አለው። በደም ውስጥ ከልክ ሲያልፍ ግን፣ ደለል የመስኖን ቦይ እንደሚሞላ ሁሉ፣ በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። አንድ ቀን የተጠራቀመው ነገር ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ደም ያላገኘው የልብ ጡንቻም በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ኮሌስትሮል በሰውነት ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ በማጥናት ኮንራድ ብሎክና ፌዮዶር ሊነን በ1964 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተው ነበር። መንገዱ ብዙ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ ከነዚህ ሁሉ ወሳኙን በር የሚጠብቀው ኤች.ኤም.ጂ. ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። ይህ በር ቢዘጋ ምርቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

6 ሺህ ሻጋታዎች

ዶክተር ኤንዶ ወደ አገራቸው ተመልሰው ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር። ሻጋታዎች ከሌሎች ተሕዋስያን ጋር ዘወትር በትግል ላይ ናቸው። ከነዚህ ባላጋራዎቻቸው መካከል ለሕይወታቸው ኮሌስትሮል መሰል ቅባት የሚያስፈልጋቸው አሉ። ስለዚህ ይህ ቅባት እንዳይመረት የሚያደርግ መሣሪያ የታጠቀ ሻጋታ በአንድ ሥፍራ መኖር አለበት።

በ1971 ዓ.ም. ከባልደረባቸው ከማሳኦ ኩሮዳና ከጥቂት ረዳቶች ጋር ፍለጋውን ጀመሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ሺህ ያህል የሻጋታና የሌሎች ደቂቅ ተሕዋስያን ዝርያዎች አንድ በአንድ ተመረመሩ። መጀመሪያ የተገኘው ንጥረ ነገር ኤንዛይሙን ቢያግድም ኩላሊትን የሚመርዝ ሆኖ በመገኘቱ ተተወ። ከዚያም ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ካለ የእህል መደብር ከተወሰደ ሩዝ ላይ የተገኘ አንድ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ተስፋ ሰጠ። ይህም ፔኒሲሊየም ሲትሪነም የተባለው፣ የፍሌሚንግ ሻጋታ የቅርብ ዘመድ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከዚሁ ሻጋታ ኋላ ኮምፓክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ተጣርቶ ወጣ።

አይጦች የካዱት፣ ዶሮዎች የመሰከሩለት

ደስታው ብዙ አልቆየም። ኮምፓክቲን ለአይጦች ቢሰጥ በደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ንቅንቅ አላለም። በመድኃኒት ሥራ ልማድ በአይጥ ያልሠራ ነገር እዚያው ላይ ያበቃል።

በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ዶክተር ኤንዶ በአንድ መጠጥ ቤት ኪታኖ ከተባሉ የፋብሪካው ተመራማሪ ጋር ተገናኙ። እኚህ ሰው ለሥራቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረቡ ነበር። ዶክተር ኤንዶም አሰቡ። የእንቁላል አስኳል በኮሌስትሮል የተሞላ ነው፤ እንግዲያውስ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ኮሌስትሮል በብዛት ታመርታለች ማለት ነው። ዶሮዎቹ ኮምፓክቲን በተሰጣቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደማቸው ያለው ኮሌስትሮል እስከ ግማሽ ያህል ወረደ። በውሾችና በጦጣዎችም ላይ ተመሳሳይ ውጤት ታየ። አይጦቹ የተለዩት ጎጂው የኮሌስትሮል ዓይነት በደማቸው እምብዛም ስለሌለና ጉበታቸውም ኤንዛይሙን አብዝቶ በማምረት ጉድለቱን ስለሚያካክስ እንደ ሆነ ኋላ ተረጋገጠ።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በአይጦች ጉበት ሕዋሳት ውስጥ እንግዳ ቅንጣቶች ታዩ ተብሎ ሥራው ሊቆም ተቃረበ። በዚህ መካከል የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ዶክተር አኪራ ያማሞቶ ሕይወቷ በአደጋ ላይ ያለ የ18 ዓመት ወጣት ታከም ነበር። ወጣቷ ከእናትም ከአባትም በወረሰችው ሕመም ምክንያት ኮሌስትሮሏ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮምፓክቲን ተሰጣት፤ ኮሌስትሮሏም ወረደ። ይሁንና ጡንቻዋ ስለደከመ መድኃኒቱ ተቋርጦ፣ በኋላ መጠኑ ተቀንሶ እንዲሰጥ ሆነ። ሌሎች ሕመምተኞችም በዚሁ መንገድ ተረዱ። መድኃኒቱ በሰው ላይ እንደሚሠራ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ሌላው ያጨደው መከር

ዶክተር ኤንዶ በ1978 ዓ.ም. መጨረሻ ፋብሪካውን ለቅቀው በቶኪዮ የእርሻና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በ1980 ዓ.ም. ሳንክዮ ለሰው ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ መጠን ለሁለት ዓመት በተሰጣቸው ውሾች ላይ የነቀርሳ ምልክት ታይቷል በሚል ጥርጣሬ የኮምፓክቲንን ሥራ አቆመ።

ከዚያ ቀደም ብሎ መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሳንክዮ የኮምፓክቲን ናሙናና መረጃ ተቀብሎ ስለነበር፣ ከሌላ ሻጋታ ሎቫስታቲን የተባለውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አገኘ። ዶክተር ኤንዶም በ1979 ዓ.ም. በአዲሱ ላቦራቶሪያቸው ይህንኑ ንጥረ ነገር ከሌላ ሻጋታ ለብቻቸው አግኝተው ነበር። መርክም በጥርጣሬው ምክንያት ሥራውን ለጊዜው ቢያቆምም መልሶ ቀጠለ። ሎቫስታቲን በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቅዶ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ስታቲን ሆነ።

በ1985 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የመድኃኒቱ አሠራር እንዲብራራ ረድተዋል። ጉበት ምርቱ ሲታገድበት ኮሌስትሮልን ከደም ውስጥ የሚለቅሙ ተቀባዮችን ያበዛል፤ ደሙም ይጠራል። በ1994 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የስካንዲኔቪያ አገሮች ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞችን አካቶ፣ ሲምቫስታቲን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አረጋገጠ። ክርክሩም በዚሁ አበቃ።

ከስታቲን ሽያጭ ኩባንያዎች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲያገኙ ዶክተር ኤንዶ የባለቤትነት ድርሻ አልተከፈላቸውም። ክብሩ ግን ዘግይቶም ቢሆን መጣ፤ በ2006 ዓ.ም. የጃፓን ሽልማት፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው። በሽምግልናቸው ዘመን ሐኪማቸው ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱን ነግረዋቸው፣ ይህን የሚያወርዱ ጥሩ መድኃኒቶች ስላሉ እንዳይሠጉ አጽናንተዋቸዋል። ሐኪሙ የሚያናግሩት የመድኃኒቱን አባት ነበር። ዶክተር ኤንዶ በ2024 ዓ.ም. በ90 ዓመት ዕድሜያቸው ዐርፈዋል።

ለእኛም የሚሆን ቁም ነገር

አንባቢያን እንዲገነዘቡት የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። የልብ ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ በሮች ሕመም መነሻው በልጅነት የሚይዝ በቂ ሕክምና ያላገኘ የጉሮሮ ቁስል ነው። ለዚህ ስታቲን አይረዳም፤ በወቅቱ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ግን ይከላከለዋል። ስለዚህ ጉሮሮውን ያመመውንና ትኩሳት ያለውን ልጅ ወደ ሐኪም መውሰድ ልቡን መጠበቅ ነው። የከተማ ኑሮ፣ ትምባሆ፣ ስብ የበዛበት ምግብና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ የሚያመጡት የደም ቅዳ መጥበብ ደግሞ ዶክተር ኤንዶ የተዋጉት ጠላት ነው። ይህም ቢሆን በሐኪም ምክር እንጂ በራስ ፈቃድ በተገዛ መድኃኒት አይታከምም።

ለሁለቱም ሕመሞች መከላከያው የተገኘው ከሻጋታ መሆኑ ሊያስደንቅ ይገባል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን 6 ሺህ ጊዜ ፈልጎ ያልሰለቸው፣ አይጦቹ ሲክዱትም ዶሮዎቹን የጠየቀው ልብ ነው።