«አይዲ»ን እና «ክላስ»ን በአማርኛ ስለ መሰየም

የድረ ገጽ አሠራርን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ሁለት ቃላት ይገጥሙታል፤ እነርሱም «አይዲ» እና «ክላስ» ናቸው። ሁለቱም በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ለተጻፈ የገጽ አካል፣ ይኸውም ለርእስ፣ ለአንቀጽ ወይም ለሥዕል የሚሰጡ ስሞች ናቸው። የገጹን መልክ የሚደነግገው ሲ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ቋንቋ፣ የመጀመሪያ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደቀው፣ ቀለምንና የፊደልን መጠን የሚያዘው አካላቱን በእነዚህ ስሞች እየጠራ ነው። «አይዲ» በአንድ ገጽ ውስጥ የአንድ አካል ብቻ ነው። «ክላስ» ግን ለብዙ አካላት በጋራ ይሰጣል፤ አንድ አካልም ብዙ «ክላሶች» ሊኖሩት ይችላል። የሁለቱ ትእዛዝ ሲጋጭ በተለመደው ሁኔታ የ«አይዲ»ው ይጸናል።

በቅርቡ የመረመርሁት አንድ የትርጉም ረቂቅ ሁለቱንም «መለያ» ይላቸዋል። አንባቢው ይህን ተከትሎ ለ20 አንቀጾች አንድ «አይዲ» ቢሰጥ ብራውዘሩ ሁሉንም ያለ ተቃውሞ ይቀባቸዋል። ስሕተቱ የሚገለጠው ወደ ዐሥረኛው አንቀጽ ሊያደርስ የታሰበው ማያያዣ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ላይ ሲያርፍ ነው።

ለመሆኑ «መለያ» የሚለየው ግለሰቡን ነው ወይስ ቡድኑን? የእግር ኳስ ተጫዋቾችን መለያ ማስታወስ ይበቃል፤ ከበረኛው በቀር ሁሉም አንድ ዐይነት ይለብሳሉ፣ አንዱን ከጓደኛው የሚለየው የጀርባው ቁጥር ነው። ስለዚህ ለ«አይዲ» «መታወቂያ»ን እመርጣለሁ። የአንዱ መታወቂያ ለሌላው እንደማይሆን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ለ«ክላስ» ቀድመው ወደ ሐሳብ የሚመጡት «ክፍል» እና «መደብ» ናቸው። «ክፍል» የገጹን ቁራጭ ስለሚያመለክት ከአካሉ ከራሱ ጋር ይምታታል። «መደብ» ደግሞ ሸክሙ በዝቷል፤ በሰዋስው አንደኛና ሁለተኛ መደብ አለ፣ በኅብረተሰብ ጥናት የመደብ ትግል አለ፣ በገጠር ቤትም እንግዳ የሚቀመጥበት የጭቃ መደብ አለ። ከዚያው ሥር የወጣው «ምድብ» ቀለል ይላል። እርግጥ እርሱም ከእንከን አልጸዳም፤ በውድድር አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ ከሁለት ምድብ አይገባም። ቢሆንም አንድ የመዝገበ ቃላት ቃል «ጥንታዊ»ም «ግእዝ»ም ተብሎ ሊመደብ እንደሚችል ማሳየቱ ችግሩን ያቃልላል።

ስሞቹን በግእዝ ፊደል መጻፍ ይፈቀዳል። ሆኖም ኮምፒዩተር የሚያነጻጽረው ድምፅን ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቁጥር ነው። በገጹ «ሥዕል»፣ በደንቡ «ስዕል» ተብሎ ከተጻፈ ትእዛዙ አይደርስም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። በሞክሼ ፊደላት ላይ ስንከራከር የኖርን ሰዎች እዚህ ላይ የምናተርፈው ዝም ያለ ገጽ ነው። ጥምር ቃላትም እንዲሁ ናቸው፤ «የግርጌ ማስታወሻ» ክፍት ቦታ ስላለው እንደ ሁለት ምድብ ይነበባል፤ አንድ እንዲሆን «የግርጌ-ማስታወሻ» ተብሎ በጭረት መያያዝ ይኖርበታል።