ከጨጓራ ማጥበብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ቫይታሚን ቢ12 እና ጾም

ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራው የጠበበለት ወይም ባይፓስ የተሠራለት፣ ማለትም ምግብ የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍልና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ የተደረገለት ሰው፣ ወደ አዊ ከተሞች ወደ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ተመልሶ ቁስሉ ከዳነ ከዓመታት በኋላም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊገጥመው ይችላል፤ ቫይታሚኑ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው ጨጓራ በሚያመነጨው ረዳት ፕሮቲን ሲሆን፣ የሰውነት ክምችቱም የሚያልቀው ቀስ በቀስ ነውና። በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ ሁዳዴን ለሚጾም ሰው ምንጩ ለ55 ቀናት ይቋረጣል፤ የአዊ ገብስና ድንች ሆድ ቢሞሉም ይህን አይተኩም። የእጥረቱ ምልክት የሆነው የእግር መደንዘዝና ሚዛን መሳት በድካም ተሳብቦ ሕክምናው ከዘገየ የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ስለሚችል፣ የደም ምርመራው በየዓመቱ፣ መርፌው ወይም እንክብሉ ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊቀጥል ይገባል፤ በጾምም ቢሆን አይቋረጥ፣ መርፌ መቼም ምግብ አይደለምና።