የሳሎኑን ኮምፒውተር ማን ይምራው?

አሮጌ ኮምፒውተርን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማውዝ ጉልበት ላይ እያንሸራተቱ ደቃቅ የፋይል ስም ከሩቅ ማንበብ ማንንም ያሰለቻል፤ አያት ወይም እንግዳ ደግሞ ጨርሶ አይሞክረውም። የሚዲያ ማዕከል ሶፍትዌር የተሠራው ለዚህ ነው። በየፎልደሩ የተበታተኑትን ፊልሞች፣ ተከታታይ ድራማዎች፣ ዘፈኖችና የሠርግ ቪዲዮዎች አንድ ቦታ ይሰበስባል፤ ፖስተርና አጭር መግለጫ ያክልላቸዋል፤ ከዚያም በሪሞት ብቻ እንዲከፈቱ ያደርጋል።

ዛሬ በዚህ መስክ ደጋግሞ ስማቸው የሚነሣው ኮዲ፣ ፕሌክስና ጄሊፊን ናቸው። ታላቃቸው ኮዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥቂት ፕሮግራመሮች የማይክሮሶፍት ጌም ማጫወቻ በሆነው ኤክስቦክስ ላይ ቪዲዮ የሚያጫውት ፕሮግራም በትርፍ ጊዜያቸው ጻፉ። ማሽኑ ለዚህ ስላልተሠራ ፕሮግራሙን የሚጭን ሰው መጀመሪያ የፋብሪካውን ቁልፍ መስበር ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር ተባለ፤ ቀስ በቀስ ወደ ሊኑክስ፣ ዊንዶውስና ማክ ተሻገረ፤ ከኤክስቦክስ ጋር የነበረው ዝምድና ሲቀር ደግሞ በ2014 ኮዲ የሚለውን ስም ያዘ። የሚገርመው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በዚያው በ2002 የሚዲያ ማዕከል ያለው ዊንዶውስ አውጥቶ ነበር፤ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ግን ጣለው። ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች የጻፉት እስካሁን ይታደሳል። ኩባንያ ሐሳቡን ሲቀይር ተጠቃሚው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ኮዱ ክፍት ከሆነ ግን ሌላ ሰው ያነሣዋል። እኔ ስመርጥ ከውበትም ከፍጥነትም በፊት ይህን አያለሁ።

ጄሊፊን የተወለደውም እንዲሁ ነው። ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም በ2018 መጨረሻ ኮዱን ሲዘጋ፣ በውሳኔው ያልተስማሙ ሰዎች ክፍት የነበረውን የመጨረሻ ቅጂ ይዘው ወጡ፤ ጄሊፊን ብለውም ቀጠሉበት። ፕሌክስ በአንጻሩ ከኮዲ የተገነጠለ ነው፤ በ2008 አካባቢ ለማክ ኮምፒውተር ተብሎ ተለይቶ ወጣና ኩባንያ ሆነ።

ለመምረጥ ግን ከትውልድ ሐረጋቸው ይልቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ፊልሙ የሚታየው በስንት ስክሪን ነው?

ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ከሆነ ኮዲ ይበቃል። ፋይሉን ከሃርድ ዲስክ ወይም ከፍላሽ አንሥቶ እዚያው ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ማሽን ያጫውታል፤ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም። ሊብሬኤሌክ የሚባለው ቀላል ሲስተም ሲጫን ማሽኑ እንደ ተከፈተ በቀጥታ ኮዲ ይመጣል፣ ዊንዶውስ የሚባል ነገር አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ራስበሪ ፓይ 4፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ኮምፒውተር፣ አብዛኛውን ባለ 4ኬ ፊልም ሳይንገዳገድ ያጫውታል። ደግሞም በዚሁ በኤችዲኤምአይ ገመድ በኩል የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይቀበላል፤ ብዙው ተራ ኮምፒውተር ይህን አያደርግም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኮዲ ሲጫን ባዶ ነው፤ ፊልም ይዞ አይመጣም። «ሁሉም ፊልምና ሁሉም ኳስ ያለበት የኮዲ ሳጥን» ተብሎ የሚሸጠው፣ ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው ተጨማሪዎች የተሞላ ነው፤ የኮዲ አዘጋጆችም እጃችን የለበትም ሲሉ ኖረዋል። እነዚህ ተጨማሪዎች ዛሬ ሠርተው ነገ ይጠፋሉ፣ ምን እንደሚሠሩም ከጸሐፊያቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ስክሪኑ ሲበዛ ነገሩ ይለወጣል። ጄሊፊንና ፕሌክስ ሰርቨር ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ጓዳ ተቀምጦ ፊልሙን ለስልኩም፣ ለታብሌቱም፣ ለመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥንም ያድላል። ሳሎን የተቋረጠው ፊልም መኝታ ቤት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ልጆችም የተፈቀደላቸውን ብቻ የሚያዩበት መግቢያ ይከፈትላቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ፣ ኮምፒውተሩን ሲገዛ ነው። የቪዲዮ ፋይል የሚታመቅበት መንገድ ብዙ ነው። የቆየው ኤች 264 የትም ይከፈታል፤ ኤች 265 ደግሞ በተቀራራቢ ጥራት ግማሽ ያህል ቦታ ይቆጥባል፣ ግን አሮጌ ቴሌቪዥን አያውቀውም። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ፊልሙ እየታየ ሳለ ወደሚከፈት ዓይነት ይለውጠዋል። ትራንስኮዲንግ የሚሉት ይህ ነው፣ ፕሮሰሰሩንም እስከ አናቱ ያስጨንቀዋል። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያለው ኩዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ መለወጫ ግን ሥራውን በቀላሉ ይወጣዋል፤ ለኤች 265 ሰባተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን መፈለግ ነው። ኮዲን በደንብ የሚያስኬደው ራስበሪ ፓይ ለዚህ ሸክም አይሆንም።

ፕሌክስ ያማረና የተመቸ ነው፤ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህት የቤተሰቡን ሠርግ ከአዲስ አበባው ኮምፒውተር እንድታይ ለማድረግ እንደ እሱ የሚቀል የለም፣ የቤቱ ኢንተርኔት የመላክ ፍጥነት ከፈቀደ። ነገር ግን መግቢያው የሚያልፈው በኩባንያው አካውንት ነው፤ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ኢንተርኔት ሲጠፋ እቤት ያለውን ፊልም ለመክፈትም ሊያስቸግር ይችላል። በ2025 የዕድሜ ልክ ክፍያው ከ120 ወደ 250 ዶላር ገደማ ዘለለ፤ ከቤት ውጭ ሆኖ የራስን ፊልም ማየትም በክፍያ ሆነ። ጄሊፊን የኩባንያ አካውንትም ክፍያም አይጠይቅም፣ ትራንስኮዲንጉም በነፃ ነው። ከውጭ አገር ለመግባት ግን ቪፒኤን ማዘጋጀቱ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ሰነፍ ሆኖ ሰርቨሩን ለዓለም ሁሉ ክፍት መተው አይመከርም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ለአንድ ቴሌቪዥን ኮዲ፣ ለብዙ ስክሪን ጄሊፊን፤ ፕሌክስ ደግሞ ለምቾት መክፈል ለማይከብደው።

የትኛውም ቢመረጥ የአማርኛ ፊልም ያስቸግራል። ሦስቱም ፖስተርና መግለጫ ሲያመጡ ቲኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መዝገብ ይደገፋሉ፤ የእኛ ፊልሞች ደግሞ ወይ እዚያ የሉም፣ ወይ ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ እየተለያየ የሌላ አገር ፊልም ፖስተር ይለጠፍባቸዋል። ለጊዜው መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱን ፎልደር ከፍቶ በስሙና በወጣበት ዓመት መሰየም፣ ፖስተሩን እዚያው ማስቀመጥ ነው። ዘላቂው ግን ሌላ ነው። መዝገቡን የሚሞሉት ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ማንም አካውንት ከፍቶ የጎደለ ፊልም ማስገባት ይችላል። ፊልም የሠራችሁም ሆነ የምትወዱት የአማርኛ ፊልም ያላችሁ፣ ስሙን፣ ዓመቱንና ተዋናዮቹን አስመዝግቡ።